የተበላሸ ክሬዲት ለአበዳሪ እንዴት ይብራራል?

አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት ብድር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ወረቀት ያስገባል። የደመወዝ ወረቀቱን አሠሪው ያወጣለታል፤ የሂሳብ መግለጫውን ባንኩ ያትምለታል፤ የግብር ሰነዱን አካውንታንቱ ያዘጋጅለታል። ክሬዲቱ ላይ እንከን ካለ ግን ራሱ ቁጭ ብሎ በገዛ ቃሉ የሚጽፈው አንድ ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል፤ የማብራሪያ ደብዳቤ። ክፍያው ለምን ዘገየ? ይህ ዕዳ ለምን ወደ ዕዳ ሰብሳቢ (ኮሌክሽን) ሄደ? ከእንግዲህ እንደማይደገም በምን እናውቃለን? በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ ሲሰሙ የሚደነግጡ ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ "በቃ፣ ክሬዲቴ ተበላሽቷል" ብለው ከዚያው ይመለሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ የሕይወት ታሪካቸውን በሙሉ ሦስት ገጽ ላይ ዘርዝረው ይልኩና መልሱ እምቢታ ሲሆን ይቆጫሉ። ሁለቱም የተጎዱት ደብዳቤው ለምን ሥራ እንደተፈለገ በቅጡ ስላልተነገራቸው ነው።

ጉዳዩን አሁን ማንሣት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ከ2025 ወዲህ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ክሬዲታቸው ላይ አዲስ እንከን ያገኙ ሰዎች በዝተዋል። ትልቁ ምክንያት የተማሪ ብድር ነው። በኮቪድ ሰበብ ማርች 2020 ላይ የቆመው የፌዴራል የተማሪ ብድር ክፍያ በ2023 መገባደጃ ተመለሰ፤ ያልከፈለ ሰው ስሙ ወደ ክሬዲት ድርጅቶች እንዳይተላለፍ የተሰጠው የአንድ ዓመት እፎይታም ሴፕቴምበር 30፣ 2024 ላይ አበቃ። ዘጠና ቀን ያለፈው ውዝፍ በ2025 መጀመሪያ ወራት ሪፖርት ላይ ብቅ ሲል፣ የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ እንዳስታወቀው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተበዳሪዎች ከክሬዲት ነጥባቸው ላይ ከመቶ በላይ አጡ። ለአምስት ዓመት ያህል የክፍያ ማሳሰቢያ ያልመጣበት፣ አድራሻ የቀየረ፣ ብድሩም ከአንድ አገልጋይ ድርጅት ወደ ሌላ የተዛወረበት ሰው ውዝፍ እንዳለበት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቤት ሊገዛ ሲነሣ ነው።

ሁለተኛው የሕክምና ዕዳ ነው። ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽንን በ2022፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ደግሞ በ2023 ከሪፖርታቸው አውጥተዋል። የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በጃንዋሪ 2025 የቀረውንም ጭምር የሚያስወጣ ደንብ አውጥቶ ነበር። ቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን በጁላይ 2025 ደንቡን ሻረው። በራሳቸው ሕግ የከለከሉ ክፍለ ግዛቶች አሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለ ሰው የ2,000 ዶላር የሆስፒታል ዕዳው ዓመት ካለፈው አሁንም ሪፖርቱ ላይ ሊያገኘው ይችላል።

በሌላ በኩል ደግሞ አንዳንድ በር ሰፋ ብሏል። ከአበዳሪዎች ብድር እየገዙ ገበያውን የሚያንቀሳቅሱት ሁለቱ ግዙፍ ተቋማት ፋኒ ሜና ፍሬዲ ማክ ናቸው። ፋኒ ሜ ከኖቬምበር 2025 አጋማሽ ጀምሮ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ለሚያልፉ ማመልከቻዎች ይጠይቀው የነበረውን ዝቅተኛ የ620 ነጥብ አንሥቷል። ይህ ማለት ግን አበዳሪው ባንክ የራሱን ወለል አነሣ ማለት አይደለም። ብዙ አበዳሪዎች ከተቋማቱ መስፈርት በላይ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ትርጉሙ፣ ነጥቡ ብቻውን በሩን መዝጋቱ ቀርቶ ሙሉ ፋይሉ የሚታይበት ዕድል ጨመረ ነው። ፋይሉ ሲታይ ደግሞ ማብራሪያው ይነበባል።

ማን እንደሚያነበው ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። የእኛ ሰው ታሪኩን የሚነግረው ማመልከቻውን ለሚቀበለው ሎን ኦፊሰር ነው፤ አበሻ ከሆነማ በስልክ ወይም ቡና ላይ በአማርኛ ዘርዝሮ ይነግረዋል፤ እሱም አዝኖ ይሰማል። ሎን ኦፊሰሩ ግን አይወስንም። ፋይሉ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ነጥብን፣ ገቢን፣ ዕዳንና ቁጠባን አስልቶ "ያልፋል" ወይም "ሰው ይየው" ይላል። ካለፈ ለአሮጌ እንከኖች ማብራሪያ ጭራሽ ላይጠየቅ ይችላል፤ ቢጠየቅም ሁለት መስመር ይበቃል። ሰው ይየው ከተባለ ጠረጴዛው ፋይሉን መርምራ የምትወስነው የአንደርራይተሯ ነው። ቡናው ላይ አልነበረችም፤ ድምፃችንን አልሰማችም፤ ያላት ወረቀቱ ብቻ ነው።

አንደርራይተሯም ብትሆን የራሷ ተቆጣጣሪ አለባት። ብድሩ ከተሰጠ በኋላ ይሸጣል ወይም በመንግሥት ዋስትና ይሸፈናል። ነገ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው ፋይሉ ይከፈታል፤ መስፈርቱ ተጥሶ ከተገኘ ብድሩን የገዛው ተቋም "ብድሩን መልሰህ ግዛ" ሊል ይችላል። ስለዚህ ስትወስን የምታስበው አመልካቹ ያሳዝናል ወይስ አያሳዝንም ብላ አይደለም። ሌላ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ፋይሉን ገልጦ "ይህን እያየሽ እንዴት አሳለፍሽው?" ቢላት የምታሳየውን ወረቀት ነው የምትፈልገው። እኔ የማብራሪያ ደብዳቤ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የምንጽፈው ለእሷ መከላከያ የሚሆናትን ማስረጃ ለማቀበል ነው።

እኛ ያደግንበት የማመልከቻ አጻጻፍ ግን ሌላ ነው። ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ሲገባ "ችግሬን ተመልክታችሁ"፣ "በትሕትና እጠይቃለሁ"፣ "እንደምትተባበሩኝ ሙሉ እምነት አለኝ" ተብሎ ነው። ኃላፊው ፈቃድ አለው፤ ሊራራ ይችላል፤ ደብዳቤውም የሚጻፈው ልቡን ለማራራት ነው። አንደርራይተሯ ይህ ሥልጣን የላትም። ከዚህ ጋር ደግሞ ገመናን የመደበቅ ልማድ አለ። ሕመሙን፣ ፍቺውን፣ ከሥራ መባረሩን መጻፍ ያሳፍረናል፤ እንሸፋፍነዋለን። ውጤቱ የሚያሳዝን ነው። ርኅራኄ የሚለምነው ክፍል ይረዝማል፤ የሚጠቅመው ክፍል፣ ማለትም ምን፣ መቼ፣ እስከ መቼ የሚለው፣ ይጠፋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየቱ ይበጃል። ለምሳሌ ያህል ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የነርስ ረዳት እናስብ። ማመልከቻዋን ያስገባችው ፌብሩዋሪ 2026 ላይ ነው። ሪፖርቷ ላይ የክሬዲት ካርድ ክፍያ በማርች 2024 ሠላሳ ቀን፣ በኤፕሪል ስልሳ ቀን ዘግይቷል፤ የመኪና ክፍያዋም በኤፕሪል አንድ ጊዜ ሠላሳ ቀን አልፎታል። የመጀመሪያው ደብዳቤዋ እንዲህ ይላል እንበል፦ "እኔ በጣም ታታሪ ሰው ነኝ። ለቤተሰቤ ብዙ ኃላፊነት አለብኝ። በዚያን ወቅት ከባድ የቤተሰብ ችግር ገጥሞኝ ነበር። አገር ቤት ብዙ ገንዘብ እየላክሁ ስለነበር መክፈል አልቻልኩም። ልጆቼ የራሳቸው ቤት እንዲኖራቸው ዕድሜ ልኬን ስመኝ ኖሬአለሁ። እባካችሁ ዕድሉን ስጡኝ።" እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ለአንደርራይተሯ ግን አንድም የሚያዝ ነገር የለውም። ይባስ ብሎ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፦ ቤተሰቡ ነገም ቢቸገር ገንዘብ ትልካለች፤ ያኔ የቤቱ ክፍያስ?

ሁለተኛው ደብዳቤዋ ይህን ይመስላል፦ "በክሬዲት ሪፖርቴ ላይ የሚታዩት የማርችና የኤፕሪል 2024 መዘግየቶች የእኔ ናቸው። እናቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል በመግባቷ ከፌብሩዋሪ 3 እስከ ኤፕሪል 20፣ 2024 ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ አብሬአት ነበርኩ። በእነዚህ ሳምንታት ገቢ አልነበረኝም። ኤፕሪል 22 ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ በሜይ 2024 ውዝፉን ሁሉ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ክፍያ አልዘገየብኝም። አሁን ክፍያዎቼ በቀጥታ ከሂሳቤ ይቆረጣሉ፤ ከዳውን ፔይመንቱ ሌላ የሦስት ወር የቤት ክፍያ የሚሸፍን ቁጠባ አለኝ። የአሠሪዬ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ከአማርኛ የተተረጎመ የሆስፒታል ማስረጃና የባንክ መግለጫ ተያይዘዋል።" ስሟ፣ ቀኑ፣ የማመልከቻው ቁጥር፣ ፊርማ። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም።

የሁለቱን ልዩነት በአጻጻፍ ውበት የሚፈልግ ይስታል። ሁለተኛው ላይ ያሉት ቀኖች ሪፖርቱ ላይ ካሉት ወሮች ጋር ይገጥማሉ። መዘግየቱ የሷ መሆኑን በመጀመሪያው መስመር አምናለች። ችግሩ የጀመረበትም ያበቃበትም ቀን አለ። እያንዳንዱ አባባል የሚደግፈው ወረቀት ከኋላው ተያይዟል። ከዚያ በኋላ ያለው ንጹሕ ታሪክ ደግሞ የቤት ብድርን በዋስትና የሚሸፍነው የመንግሥት ተቋም፣ የኤፍ.ኤች.ኤ.፣ መመሪያ ለሚጠይቀው መልስ ይሰጣል፤ በሰው ለሚመረመር ፋይል መመሪያው የሚፈልገው ባለፉት 12 ወራት የቤትና የመኪና ዓይነት ክፍያዎች ሳይዘገዩ መከፈላቸውን፣ ባለፉት 24 ወራት ደግሞ በእነዚሁ ክፍያዎች ላይ የሠላሳ ቀን መዘግየት ከሁለት አለመብለጡን ነው። የሴትዮዋ መዘግየት ከመስመሩ አይወጣም። ያንን አንደርራይተሯ ራሷ ቆጥራ ታገኘዋለች፤ ደብዳቤው የሚነግራት ለምን እንደሆነና ለምን እንዳበቃ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምናገረው አለኝ፤ የእኛን ማኅበረሰብ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይኸው ስለሆነ። አገር ቤት ገንዘብ መላክ ለእኛ ግዴታ ነው። የእናት ሕመም፣ የወንድም ቀብር፣ ከጦርነት የሸሸ ዘመድ፣ እነዚህን "አልችልም" የሚል የለም። በአበዳሪው መዝገብ ግን ይህ ግዴታ ስም የለውም፤ ውል የለውም፤ እንደ ውዴታ ወጪ ይቆጠራል። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም። አሥር ዓመት ሙሉ በየወሩ ሳያጓድል 300 ዶላር ለእናቱ የላከ ሰው ክፍያ አክባሪ መሆኑን ከዚህ በላይ በምን ያሳይ? ሥርዓቱ ግን አያየውም። ስለዚህ ማብራሪያውን ሥርዓቱ በሚያየው በኩል ማስኬድ ያስፈልጋል። ፋኒ ሜ አስገዳጅ ሁኔታ ብሎ የሚቀበለው ከተበዳሪው ቁጥጥር ውጭ የሆነ፣ የማይደጋገም፣ ወይ ገቢን በድንገት፣ በብዙና ለረዥም ጊዜ የቀነሰ፣ ወይ ዕዳን ከአቅም በላይ ያናረ ክስተትን ነው። ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው። የእኛ ሰው ሁልጊዜ የሚጽፈው "ወጪ በዛብኝ" የሚለውን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ወረቀት የለውም። በዚያው ጊዜ ያለ ደመወዝ ፈቃድ መውጣቱን፣ ሁለተኛ ሥራውን መተዉን፣ ታክሲውን ማቆሙን አይጠቅስም። ያ ግን ገቢ መቀነስ ነው፤ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የግብር ሰነድ ያስረዳዋል። አንድ ታሪክ ነው፤ የሚነገርበት በር ግን ውጤቱን ይለውጠዋል።

ትልልቅ ስብራቶች ላይ ይህ ልዩነት ዓመታትን ያስቆጥራል። ቻፕተር 7 የተባለ ኪሳራ (ባንክራፕሲ) የገባ ሰው በፋኒ ሜ ደንብ አራት ዓመት ይጠብቃል፤ አስገዳጅ ሁኔታ መሆኑን በሰነድ ካስረዳ ሁለት ይበቃዋል። ቤቱ በፎርክሎዠር የተወሰደበት ሰባት ዓመት ይጠብቃል፤ ካስረዳ ሦስት። በኤፍ.ኤች.ኤ. በኩል ለቻፕተር 7 ሁለት ዓመት ነው፤ ካስረዳና ከዚያ ወዲህ ገንዘቡን በአግባቡ መያዙን ካሳየ ከአንድ ዓመት በኋላ ሊታይለት ይችላል። ለፎርክሎዠር ሦስት ዓመት። ፍቺ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። ፋኒ ሜ የፍቺ ውሳኔን ከሚቀበላቸው ማስረጃዎች አንዱ አድርጎ ይጠቅሰዋል፤ ኤፍ.ኤች.ኤ. ፎርክሎዠር ላይ ፍቺን በመደበኛው እንደ አስገዳጅ ሁኔታ አይቆጥርም፤ ፍቺው ሲፈጸም ክፍያው ያልተጓደለና ቤቱ ለሌላኛው ወገን የተሰጠ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ትዳሩ የፈረሰበት ሰው የትኛውን ብድር እንደሚጠይቅ ከደብዳቤው በፊት መወሰን አለበት።

ደብዳቤ የማይፈታውን ነገር በደብዳቤ ለመፍታት መሞከር ደግሞ ሌላው ድካም ነው። የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ደብዳቤ ነጥብ አይጨምርም። አበዳሪዎች የሚያዩት የፋይኮ ነጥብ 35 ከመቶው የክፍያ ታሪክ ነው፤ እዚያ የተመዘገበ መዘግየት ሰባት ዓመት ይቆያል፤ ቻፕተር 7 አሥር። ወለዱም በነጥቡ መጠን ይሰላል፤ አንደርራይተሯ በማብራሪያው ብትረካም 640 ያለው ሰው የ760ን ዋጋ አያገኝም። የፌዴራል የተማሪ ብድር ለረዥም ጊዜ ሳይከፈል ቀርቶ ዲፎልት ከሆነ ደግሞ ኤፍ.ኤች.ኤ. ማብራሪያ አይሰማም። የመንግሥት ዕዳ ሳይከፍል የቀረን ሰው የሚያሳይ የጋራ መዝገብ አለ፤ አበዳሪው እዚያ ይፈትሽና ካገኘው ፋይሉ ይቆማል። መውጫው በአሥር ወር ውስጥ ዘጠኝ ክፍያ የሚፈጸምበት የማስተካከያ መርሐ ግብር ወይም ብድሩን ወደ አዲስ ማጠቃለያ ብድር መለወጥ ነው። የማስተካከያ መርሐ ግብሩን ከማመልከቻው አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የጀመረ ሰው በሰዓቱ ይደርሳል። ሌላም አለ፤ ከሜይ 25፣ 2025 ጀምሮ ኤፍ.ኤች.ኤ. ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ሰዎች ብድር መሸፈን አቁሟል። ጥገኝነት ጠይቆ ጉዳዩ ያልተወሰነለት ሰው ክሬዲቱ የቱንም ያህል ቢያምር በዚያ በኩል አይገባም፤ ወደ ሌሎች ብድሮች ማየት ይኖርበታል።

ዕዳው የራስ ካልሆነስ? ያኔ ማብራሪያ መጻፍ ራሱ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ያልተበደሩትን ማብራራት ማመን ይመስላል። የእኛ ስም አሠራር ለዚህ ያጋልጣል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ዳንኤል ተስፋዬዎች በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ ወንድማማቾች አንድ አፓርታማ ሲኖሩ የመጨረሻ ስማቸውም አድራሻቸውም አንድ ይሆናል። ስሙ በላቲን ፊደል አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ሲጻፍ ፋይሎች ይቀላቀላሉ። አንዱ የከፈለው ለሌላው ይመዘገባል፤ አንዱ የዘገየውም እንዲሁ። ከ1970 ጀምሮ ባለው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ መሠረት ስህተት መሆኑን በጽሑፍ ካመለከቱ ድርጅቱ በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። ሪፖርቱን ከሦስቱም ድርጅቶች በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። ይህን ማድረግ ያለብን ግን ብድር ከመጠየቃችን ወራት ቀድመን ነው። ክርክር ላይ ያሉ መጥፎ ሂሳቦች ተደምረው 1,000 ዶላር ከደረሱ፣ ሕክምና ካልሆኑ፣ ኤፍ.ኤች.ኤ. ፋይሉን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ በሰው እንዲታይ ያደርጋል። ሻጩ ቀን ቆርጦ በሚጠብቅበት ሳምንት ክርክር መክፈት ክሎዚንጉን (የግዥውን መዝጊያ ፊርማ) ያጓትታል። ስምን በተመለከተ የሚጠየቀው ሌላ አጭር ወረቀት ነው፤ "እነዚህ ስሞች ሁሉ የእኔ ናቸው" ወይም "ይህኛው የእኔ አይደለም" የሚል። ፓስፖርቱ፣ ግሪን ካርዱና የባንክ ሂሳቡ ላይ ያሉት አጻጻፎች ሁሉ እዚያ ይዘረዘራሉ።

ለዘመድ መፈረም ሌላው የተለመደ ቁስል ነው። "ክሬዲት የለኝም፣ መኪናውን በስምህ ፈርምልኝ" ያለው የአጎት ልጅ ሁለት ወር ሲያጓድል ሪፖርቱ ላይ የሚታየው የፈራሚው ስም ነው። ብዙዎች "ዕዳው የእሱ ነው፤ እኔ ዝም ብዬ ነው የፈረምኩት" ብለው ይጽፋሉ። በሕግ ዓይን ዕዳው የፈራሚውም ነው፤ መዘግየቱም የፈራሚው ነው፤ ይህን መካድ ደብዳቤውን ያበላሻል። የሚቻለው ወርኃዊ ክፍያውን ከዕዳ ስሌቱ ማስወጣት ነው። የአጎት ልጁ ያለፉትን 12 ወራት ከራሱ ሂሳብ ሳያዘገይ መክፈሉ በባንክ መግለጫ ከታየ ፋኒ ሜ ይቀበለዋል። ጥሬ ገንዘብ እየተሰጠን እኛ ስንከፍልለት ከኖርን ግን ማረጋገጫ የለም። ለዘመዳቸው የፈረሙ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ክፍያው በቀጥታ ከተጠቃሚው ሂሳብ እንዲወጣ ማድረግ ይችላሉ፤ ይህ ዝምድናን አይነካም።

እቁብም ማብራሪያ ይጠየቅበታል። ሂሳብ ውስጥ በአንድ ጊዜ የገባ 15,000 ዶላር አንደርራይተሯን ያስቆማታል፤ የተደበቀ ብድር ይሆን ብላ ትጠረጥራለች። ብዙ ሰው እቁብ ማለቱን ፈርቶ "ዘመድ ሰጠኝ" ይላል፤ ከዚያ የስጦታ ደብዳቤ፣ የሰጪው የባንክ መግለጫ ይጠየቅና ነገሩ ይወሳሰባል። እቁብን መፍራት አያስፈልግም። የኤፍ.ኤች.ኤ. መመሪያ አባላት ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር በስም ይጠቅሰዋል፤ ማኅበሩ መቼ እንደተቋቋመ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየና ገንዘቡ ለአመልካቹ መድረሱ ከተረጋገጠ ይቀበላል። ፋኒ ሜም የማኅበረሰብ ቁጠባን ይቀበላል፤ የሚፈልገው ከሰብሳቢው የጽሑፍ ማረጋገጫና አመልካቹ በየጊዜው መክፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። ዕጣው በመጀመሪያው ዙር የወጣለት ሰው የተቀበለው በአብዛኛው ገና ያልቆጠበውን ገንዘብ ነው፤ የቀረውን ወደፊት ይከፍላል። ኤፍ.ኤች.ኤ. ደግሞ ገንዘቡ የተጠራቀመ እንጂ የተበደሩት እንዳይሆን ይጠይቃል፤ ፋኒ ሜ ቀሪውን መዋጮ እንደ ወርኃዊ ዕዳ ይቆጥረዋል። ቤት ለመግዛት ያሰበ እቁብተኛ ዕጣው ወደ መጨረሻው ቢሆንለት ይሻለዋል። ሰብሳቢውም ደብተር ይያዝ፤ መዋጮው ከእጅ ወደ እጅ ከመተላለፍ በባንክ ይግባ።

በገንዘብ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። "እኔ የምጽፈው ያልፋል" እያሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ታሪክ ያድላሉ፤ ያልታመመውን በሽተኛ፣ ያልተባረረውን ሥራ ፈት ያደርጉታል። ለአበዳሪ ሆን ብሎ ሐሰት መጻፍ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 30 ዓመት እስርና እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል። የሚፈርመው ደግሞ ጸሐፊው ሳይሆን አመልካቹ ነው። ክሬዲት እናጸዳለን ለሚሉትም ሕግ አለ፤ በ1996 የወጣው ሕግ ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል፤ ደንበኛውም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ቀድሞ 800 ዶላር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ይህን ማስታወስ ይበቃል። በመንግሥት የቤቶች መሥሪያ ቤት የተፈቀደላቸው የቤት ግዥ አማካሪዎች በዚህ ጉዳይ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ያግዛሉ።

በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁን ያስጽፋል። ልጁ የሆነውን ሁሉ አያውቅም፤ ወላጅም ለልጁ የማይነግረው ገመና አለ። እንዲህ ባለ ደብዳቤ ቀኖቹ ይዛባሉ፤ ተጨማሪ ጥያቄ ሲመጣም የወላጁ መልስ ከደብዳቤው ጋር ይጋጫል። መጀመሪያ በአማርኛ ከክሬዲት ሪፖርቱ ጋር እያመሳከሩ ወር በወር መጻፍ፣ ከዚያ ማስተርጎም ይሻላል። የአገር ቤት ሰነድም ትርጉም ሳይያያዝበት አይታይም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ቢባልስ? አበዳሪው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ምክንያቱንም መግለጽ ወይም የመጠየቅ መብት እንዳለን መንገር ግዴታው ነው። በክሬዲት ሪፖርት ምክንያት ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ ያንኑ ሪፖርት በነፃ ማግኘት ይቻላል። ወረቀቱ ላይ "ገቢ በቂ አይደለም" የሚል ከሆነ የመዘግየቱ ማብራሪያ ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ሌላ ነው። "የክፍያ ታሪክ" የሚል ከሆነ ደግሞ ሎን ኦፊሰሩን መጠየቅ ያለብን፣ እምቢታው ከኤፍ.ኤች.ኤ. ወይም ከፋኒ ሜ ደንብ የመጣ ነው ወይስ ከአበዳሪው ከራሱ ወለል? የሚለውን ነው። ኤፍ.ኤች.ኤ. 580 ነጥብ ላለው ሰው በ3.5 ከመቶ ዳውን ፔይመንት፣ ከ500 እስከ 579 ላለው ደግሞ በ10 ከመቶ ይፈቅዳል፤ 640 ካልሆነ የማይል አበዳሪ ያንን የሚያደርገው በራሱ ምርጫ ነው። የራሱ ወለል ከሆነ ያው ፋይል፣ ያው ደብዳቤ፣ ያው ማስረጃ በሰው መመርመር ወደሚቀበል ሌላ አበዳሪ ሊሄድ ይችላል። በ14 ቀን ውስጥ ከተደረገ አዲሱ አበዳሪ ክሬዲቱን መሳቡ ከመጀመሪያው ጋር እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ነጥቡ ሁለት ጊዜ አይጎዳም።